የሀንጋሪኛ ኃላፊ ጊዜ ላይ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ቡና ይፈላል። አራት አምስት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ2013 በተጀመረው የሀንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ በስቲፔንዲዩም ሁንጋሪኩም፣ ወደዚህ ወደ ሀንጋሪ የመጡ ናቸው። ትምህርታቸው በእንግሊዝኛ ነው። ገበያው፣ ሐኪሙና አከራዩ ግን በሀንጋሪኛ ናቸው። ስለዚህ ቁጭ ብለን ግስ እንረባለን።

ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ልጅ ስለ ሳምንቱ ሲያወራ «ሜንቴም ቮልት» አለ። «ሄጄ ነበር» ማለቱ ነው። ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ችግሩ የእሱ ብቻ አይደለም። ሁላችንም በዚያው በር ነው የገባነው። እኔም ከዓመታት በፊት ብዬዋለሁ። እናም ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ከታች የሀንጋሪኛውን ቃል በፊደላችን የጻፍኩት ለንባብ እንዲቀል ነው። እናንተ ደብተራችሁ ላይ እንዲህ አታድርጉ። ለምን እንደሆነ በኋላ እመጣበታለሁ።

«ነበር»ን ይዞ መምጣት

አማርኛ ላለፈ ነገር ብዙ መልክ አለው። ሄድኩ። ሄጃለሁ። ሄጄ ነበር። እሄድ ነበር። እየሄድኩ ነበር። እያንዳንዱ የራሱ ስሜት አለው፤ አንዱን በሌላው ብንቀይረው ጆሯችን ወዲያው ያውቃል። ከልጅነታችን ጀምሮ የለመድነው ሀብት ነው።

የዛሬ ሀንጋሪኛ ለእነዚህ ሁሉ አንድ መልክ ነው ያለው። ሜንቴም። አለቀ። ሄድኩም ሜንቴም ነው፣ ሄጄ ነበርም ሜንቴም ነው፣ እሄድ ነበርም ሜንቴም ነው።

ጀማሪው ይህን ሲሰማ አያምንም። የሆነ ቦታ የተደበቀ ሌላ ቅርጽ ያለ ይመስለዋል። ከዚያ መዝገበ ቃላቱን ከፍቶ «ነበር» ማለት «ቮልት» መሆኑን ያገኛል። ደስ ብሎት ከግሱ ኋላ ይለጥፈዋል። ሜንቴም ቮልት። ኤቴም ቮልት። አንዳንዱማ «መሄድ»ን በአሁን ጊዜ አድርጎ «ሜጅ ቮልት» ይላል፤ «ይሄድ ነበር» ለማለት። እባካችሁ ይህን ተዉት። ቮልት ብቻውን ሲቆም «ነበር» ነው። «ኦት ቮልታም» ማለት «እዚያ ነበርኩ» ነው። ከሌላ ግስ ኋላ ተጎታች ሆኖ ግን አይሄድም።

የሚገርመው ስህተቱ ዕድሜ ያለው መሆኑ ነው። በሀንጋሪኛ ከተጻፉት ሙሉ ጽሑፎች ሁሉ ቀዳሚው የቀብር ስብከት ነው። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጽሑፍ ነው። ፕራይ ኮዴክስ በሚባለው የብራና መጽሐፍ ውስጥ ሆኖ ዛሬ ቡዳፔስት ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። እግዚአብሔር አዳምን እንደፈጠረና ገነትን ቤት አድርጎ እንደሰጠው ይናገራል። «ፈጠረው» የሚለው አንድ ዓይነት ኃላፊ ጊዜ ነው፤ ቴሩምቴቬ። «ሰጥቶት ነበር» የሚለው ደግሞ ሌላ፤ ኦዱታ ቮላ። ኦዱታ «ሰጠው» ነው፣ ቮላ የ«ነበር» አሮጌ መልክ ነው። ልክ እንደኛ! ያኔ ሀንጋሪኛም ላለፈ ነገር ብዙ መልክ ነበረው። እነዚያ ቅርጾች እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በጽሑፍ ቆይተዋል። በኋላ ግን በቲ የሚያልቀው አንዱ መልክ ሌሎቹን እየገፋ ቤቱን ለብቻው ያዘ። ትራንሲልቫኒያ ያሉ ሀንጋሪኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «ሜንቴም ቮልት» የሚለው አነጋገር ዛሬም ይሰማል። ቡዳፔስት ላይ ስትሉት ግን ሰው ግራ ይጋባል።

ግራ መጋባቱስ ምንም አይደለም። የባሰው ከቮልት ጋር የምትቀራረበዋ ቮልና ናት። ቮልና «ቢሆን ኖሮ» ናት። «ሜንቴም ቮልና» ማለት «በሄድኩ ነበር» ነው። አያችሁ፣ አማርኛው እዚህም «ነበር» አለው። ጆሯችን ሁለቱን ይቀላቅላቸዋል።

አንድ ልጅ የቤት ኪራዩን በባንክ ከፈለ። አከራይዋ ገንዘቡ ገና አልታያትም። ደወለችለት። እሱም «ከፍዬ ነበር እኮ» ለማለት «ማር ፊዜቴም ቮልና» አላት። ለእሷ ጆሮ «እስካሁን በከፈልኩ ነበር» ነው የሆነው። እሷም ቀጣዩን ጠበቀች። ከዚያ «ዴ?» አለችው። «ግን?» ማለት ነው። ግን ምን ሆነህ ቀረህ? እሱ ያልተሰማችው መስሎት ያንኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላት። እሷም ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ማታ እያለቀሰ ሊባል በሚችል ድምፅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ከፍያለሁ እያልኳት እኮ ነው!» አለኝ። «ማር ኪፊዜቴም በላት» አልኩት። ከፍዬ ጨርሻለሁ። በማግስቱ ገንዘቡም ታየ፣ ነገሩም በረደ። ያ ልጅ ግን አንድ ሌሊት ሙሉ ከቤት እወጣለሁ ብሎ አላንቀላፋም። በአንዲት ቃል።

ታዲያ «ሄጄ ነበር»ን በምን እንበለው? ሀንጋሪዎች ጊዜውን ለግሱ ብቻ አይተዉትም፤ ዙሪያው ላሉ ትናንሽ ቃላት ያካፍሉታል። ዋናዋ «ማር» ናት፤ አነባበቧ እንደሚበላው ማር ነው። «አስቀድሞ» እንደማለት ናት። «ስደርስ ባቡሩ ሄዶ ነበር» ለማለት «አሚኮር ሜጌርኬስቴም፣ አ ቮናት ማር ኤልሜንት» ይላሉ። ቮልት የለም። የ«ነበር»ን ሥራ ማርና የግሱ ፊት ላይ ያለችው ኤል ተካፍለው ሠሩት። «እሄድ ነበር» ስትሉ ደግሞ «ሬጌን» የምትል ቃል ጨምሩ፤ «ድሮ» ናት። «እየሄድኩ ነበር» ከሆነ «ኤፔን» ጨምሩ፤ «ልክ ያኔ» እንደማለት። ግሱን አትንኩት።

ፍጻሜውን ከጭራ መፈለግ

ይህ ከላይኛው ጋር ይያያዛል። በአማርኛ ነገሩ መፈጸሙን የምናውቀው ከግሱ መልክ ወይም ከተከታዩ ግስ ነው። አንብቤዋለሁ። አንብቤ ጨርሼዋለሁ። በሀንጋሪኛ ፍጻሜው የሚገለጸው ከፊት ነው። የግሱ ጭራ ያለፈ መሆኑን ይናገራል፤ ማለቁን የምትናገረው ከፊት የምትቀጠለው ቅንጣት ናት። ሜግ፣ ኤል፣ ኪ፣ ቤ።

ኦልቫሽታም አ ሌቬሌት፦ ደብዳቤውን አነበብኩ። ጨርሼው ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል።
ኤሎልቫሽታም አ ሌቬሌት፦ አንብቤ ጨረስኩት።

ታኑልታም «አጠናሁ» ነው። ሜግታኑልታም «አጥንቼ ያዝኩት» ነው። በሁለቱ መካከል አንድ የፈተና ውጤት አለ። አንድ ተማሪ ግጥም በቃሉ እንዲይዝ ታዞ ነበር። መምህሩ ሲጠይቀው «ታኑልታም» አለ። መምህሩም «ሜግ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ቃሏ ግራ ገባችውና ዝም አለ። ግጥሙን ግን ጥርት አድርጎ ይችለው ነበር።

ይህች ብቻዋን የምትቆም «ሜግ» ብዙ ሰው ታሳስታለች። ሀንጋሪዎች «አነበብከው?» ተብለው ሲጠየቁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይመልሱም። «ኤሎልቫሽታድ?» «ኤል።» በቃ። ግሱን ትተው ቅንጣቷን ብቻ ይመልሳሉ። ለምዳችሁ ስትመልሱ ፊታቸው ሲበራ ታያላችሁ።

«አላነበብኩም» ብላችሁ ግሱን አሉታዊ ስታደርጉ ደግሞ ቅንጣቷ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ኔም ኦልቫሽታም ኤል። «ኔም ኤሎልቫሽታም» አይባልም።

ቲዋን ሳያጠብቁ ማለፍ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆጣለሁ። ምክንያቱም እኛ ከማንም በላይ ልንችለው የሚገባ ነገር ነው።

አማርኛ በማጥበቅና በማላላት ትርጉም ይለያል። «ገና» አጥብቀን ስንለው በዓሉ ነው፣ አላልተን ስንለው «ገና አልመጣም» ነው። «አለ»ም እንደዚያው፤ አንዱ «አለ፣ ይኖራል»፣ አንዱ «ተናገረ»። ማንም ሳያስተምረን እንለየዋለን። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመስማት ስንት ወር ይለፋል። እኛ በነፃ አለን።

ግን ፊደላችን መጥበቅን አያሳይም። ልጆቹ የሀንጋሪኛውን ቃል በአማርኛ ፊደል ጽፈው ይይዙታል። ያኔ አንዷ ቲ ትጠፋለች። ስትጠፋ ደግሞ ኃላፊ ጊዜው አብሮ ይጠፋል።

ሴሬቴም፣ ላልቶ፦ እወደዋለሁ።
ሴሬት-ቴም፣ ጠብቆ፦ ወደድኩት፤ እወደው ነበር።

ፍቅራችሁ አለ ወይስ አለቀ? ልዩነቱ አንዲት ቲ ናት። ፊዜቴም ላልቶ «እከፍለዋለሁ» ነው፤ ፊዜት-ቴም ጠብቆ «ከፈልኩ»። ካሸር ፊት ቆማችሁ ይህን ብትቀላቅሉ ሁለተኛ ትከፍላላችሁ ወይም ትጣላላችሁ። ሂቴም ላልቶ «እምነቴ» ነው፤ ሂት-ቴም ጠብቆ «አመንኩ»።

መጋዘን ውስጥ የትርፍ ሰዓት ሥራ የምትሠራ አንዲት ልጅ ነበረች። ዕቃው የት እንዳለ ጠየቋት። «እዚህ አስቀመጥኩት» ለማለት «ኢዴ ቴቴም» አለች፣ አላልታ። ቴት-ቴም ጠብቆ «አደረግኩ፣ አስቀመጥኩ» ነው። ቴቴም ላልቶ ሬሳ ነው። ባልደረቦቿ ፊታቸው ሲለዋወጥ አይታ ደነገጠች። ደግነቱ ወዲያው ገባቸው። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሯን በላቲን ፊደል ነው የምትጽፈው።

ከዚሁ ጋር አንድ ወጥመድ ልጨምር። «መረዳት» የሚለው ግስ ግንዱ ራሱ በቲ ያልቃል፤ ኤርት። ስለዚህ «ኤርቴም» ስትሉ ኃላፊ ጊዜ ይመስላል። አይደለም፤ «ይገባኛል» ነው። «ገባኝ፣ ተረድቼው ነበር» ኤርቴቴም ነው። ቲ ባያችሁ ቁጥር ያለፈ ነገር ነው ብላችሁ አትሩጡ። ቲዋ የግንዱ ናት ወይስ የጊዜው? መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

«እኔ»ን ብቻ መለማመድ

ሁላችንም ስለ ራሳችን ነው የምናወራው። ሄድኩ፣ በላሁ፣ አየሁ። ልምምዱም በ«እኔ» ይሆናል። ይህ ሁለት ነገር ያስመልጠናል።

የመጀመሪያው የቅጥያው መልክ ነው። በኤል፣ በአር፣ በኤን የሚያልቁ ግሶች ቲ ብቻ ይበቃቸዋል። ቫርት፣ ታኑልት፣ ኬርት። በሁለት ተነባቢ የሚያልቁ ብዙዎቹና በረጅም ኢና ቲ የሚያልቁት ደግሞ ሁልጊዜ አናባቢ ከጥብቅ ቲ ጋር ይፈልጋሉ። ታኒቶት፣ ታኒቶታም። መሃል ላይ ያሉት ናቸው አስቸጋሪዎቹ። «እኔ» ሲሆን ኦልቫሽታም፣ «እሱ» ሲሆን ግን ኦልቫሾት። «እኔ»ን ብቻ የተለማመደ ሰው ስለ ጓደኛው ሲያወራ «ኦልቫሽት» ይላል። ወይም ተገልብጦ «ኦልቫሾታም» ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አዲስ ግስ ስትይዙ «እሱ» በሚለው ያዙት። ወጣ ያሉትንም እንደዚያው፦ ኤሲክ፣ ኤቬት (በላ)፤ ኢሲክ፣ ኢቮት (ጠጣ)። «በላሁ» ኤቴም ነው፣ «ጠጣሁ» ኢታም።

ሁለተኛው የበለጠ ደስ ይለኛል፤ አማርኛ የሚያግዘን እዚህ ነውና። ሀንጋሪኛ ተሳቢው የታወቀ ነው ወይስ ያልታወቀ የሚለውን ከግሱ ጭራ ላይ ያሳያል። «ላታል ኤጅ ፊልሜት?» ፊልም አየህ? «ላታድ አ ፊልሜት?» ፊልሙን አየኸው? የእኛን «አየህ» እና «አየኸው» ልብ በሉ። ፈረንጅ ጓደኞቻችሁ በዚህ ራሳቸውን ሲይዙ እናንተ ፈገግ ማለት ትችላላችሁ።

ነገር ግን በኃላፊ ጊዜ «እኔ» ላይ ልዩነቱ የለም። ላታም ለሁለቱም ነው። ቫርታም ለሁለቱም ነው። «እኔ»ን ብቻ እየደጋገመ የከረመ ሰው ልዩነቱ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ይቀራል። ስለ ሌላ ሰው ሲናገር ነው የሚጋለጠው። አንተ ቫርታል፣ ቫርታድ። እሱ ቫርት፣ ቫርታ። እኛ ቫርቱንክ፣ ቫርቱክ። «እነሱ» ጋ ሲደርስ ሁለቱም ቫርታክ ነው፤ በመጨረሻዋ አናባቢ አጭርነትና ርዝመት ብቻ ይለያሉ። ፊደላችን እሷንም አያሳይም። እንደገና፣ በላቲን ጻፉ!

አንድ ቦታ ግን አማርኛ ያሳስታል። «አየኸኝ?» ስንል «እኔ» የታወቅኩ ነኝ፤ ከእኔ በላይ የታወቀ ማን አለ? ስለዚህ ልጆቹ «ላታድ ኤንጌም?» ይላሉ። አይደለም፤ «ላታል ኤንጌም?» ነው። ለ«እኔን» እና ለ«አንተን» ግሱ ያልታወቀ እንደሆነ ተሳቢ ነው የሚሆነው። «እሱን» ሲሆን የታወቀው ይመለሳል። ለምን ብላችሁ አትድከሙ፤ ብቻ ያዙት።

«እኔ አንተን» ሲሆን ደግሞ የተለየ ጭራ አለ። ቫርታላክ። ጠበቅኩህ። ሁለቱም በአንዲት ቃል። ቃሏን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ባዕድ አገር ውስጥ ዘመድ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

አጫጭሮቹ

ሶክታም ያለፈ ይመስላል፤ አይደለም። «ካቬት ሶክታም ኢኒ» ማለት «ቡና የመጠጣት ልማድ አለኝ» ነው፣ ዛሬም። «እጠጣ ነበር፣ ተውኩት» ለማለት አትጠቀሙበት። ሐኪም ፊት ስለ ሲጋራ ስትጠየቁ በተለይ።

«በልቼ አውቃለሁ» የሚለውን «አውቃለሁ» አትተርጉሙት። «ቱዶክ ኤኒ» ካላችሁ «መብላት እችላለሁ» ነው። «ማር ኤቴም» በቂ ነው።

«ሱቁ ተዘግቷል» ለማለት «ቤዛርት» አትበሉ። ሰዓት ሳይጠቀስ ከተባለ ሱቁ ለዘለቄታው ከሥራ ወጣ ተብሎ ሊሰማ ይችላል። በሩ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ፤ «ዛርቫ» ይላል። «ዛርቫ ቫን» በሉ። የእኛ «ተዘግቷል» ውጤቱን ነው የሚናገረው፤ ለውጤት እነሱ ቫ ወይም ቬ የምትለውን ጭራ ይጠቀማሉ።

ምግብ ቤት ዝርዝሩ ላይ ያለችው ቲ ደግሞ «አደረገ» አይደለችም። ራንቶት ሁሽ፣ ቶልቶት ካፖስታ። የተጠበሰ፣ የተሞላ። ያው የኃላፊ ጊዜው መልክ ቅጽል ሆኖ ነው።

መመሳሰልን ዝምድና ማድረግ

ይህን ስህተት የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ። ብዙ ገጽ ሞልቼበታለሁ፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው።

ሀንጋሪ የመጣሁት ሥነ ልሳን ለመማር ነው። አንድ ኮርስ ላይ የማይዛመዱ ቋንቋዎችን የግስ ቅጥያ እንድናነጻጽር ታዘዝን። ለእኔ ሀንጋሪኛና ፒፒል ደረሰኝ። ፒፒል የኤል ሳልቫዶር ቋንቋ ነው፤ ተናጋሪዎቹ ናዋት ይሉታል። የሜክሲኮው ናዋትል ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የላይል ካምቤል ትልቅ ሰዋስው ታትሞለታል።

ፒፒል ላለፈ ነገር ክ ወይም ኪ ይቀጥላል። ፓኑ «ማለፍ» ነው፤ ፓኑክ «አለፈ»፣ ፓኑኬት «አለፉ»። ለተፈጸመና ውጤቱ ላለ ነገር ደግሞ ቱክ ይቀጥላል። ፓኑቱክ «አልፏል»፤ ሲበዙ ፓኑቲዊት «አልፈዋል»። ይህ የ«አለፈ» እና የ«አልፏል» ልዩነት ሀንጋሪኛ የሌለው፣ አማርኛ ያለው ነገር ነው። ገና ከመጀመሪያው ገጽ ወደድኩት።

ፍቅሩ አሳወረኝ። የሀንጋሪኛ ቲ እና የፒፒል ቱክ፤ ሁለቱም ቲ አላቸው! ቀጥሎ «ኒክቺህኪ» የሚለውን አየሁ፤ «አደረግኩት» ማለት ነው። መጨረሻው ኪ። የእኛ «አደረግኩ»ም መጨረሻው ኩ። የግዕዙ «ነበርኩ»ም እንደዚያው። ሌሊቱን ሙሉ ጻፍኩ። ሦስት አህጉር አገናኘሁ።

መምህሬ ወረቀቱን አንብባ አልሳቀችብኝም። እርሳስ ሰጠችኝና «ቃሉን ቆራርጠው» አለችኝ። ኒ፣ ክ፣ ቺህ፣ ኪ። «እያንዳንዱ ምን ይሠራል?» ኒ «እኔ» ናት። የመጀመሪያዋ ክ «እሱን» ናት፣ ተሳቢዋ። ቺህ «ማድረግ» ነው። የመጨረሻዋ ኪ ያለፈ ጊዜ ናት። አንድ ቃል ውስጥ ሁለት ክ አለ፤ ሥራቸው አይገናኝም። «የእናንተዋ ኩ ምን ትሠራለች?» አለችኝ። ኩ «እኔ» ናት። ጊዜን አትነካም። «አደረገች» ስንል ኩ የለችም፣ ጊዜው ግን ያው ያለፈ ነው። ፒፒል «እኔ»ን ከፊት አስቀምጦ ጊዜውን ከኋላ ሲያደርግ፣ እኛ «እኔ»ን ከኋላ አድርገናል። የተመሳሰለው ድምፁ ብቻ ነበር። ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

ከዚያ ወዲህ የሀንጋሪኛን ቲ ከፊንላንድኛ፣ ከማንሲና ከሀንቲ ጋር ያነጻጸረ ሰው ዘመዶቹን ይዟል እላለሁ። የፒፒልን ክ ከናዋትል ጋር ያነጻጸረም እንደዚያው። ዘመድ ጋርም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የድሮው ናዋትል ላለፈ ጊዜ ከግሱ ፊት ኦ ያስቀድማል፤ ፒፒል ግን አያስቀድምም። ከሜክሲኮ መጽሐፍ ተምሮ ፒፒል ላይ ኦ የሚጨምር ሰው «ሜንቴም ቮልት» ካለው ልጅ አይለይም። የሌላ ቤት ዕቃ ነው ይዞ የገባው።

ፒፒል ላይ የሚፈጸም ስህተት ደግሞ ከሀንጋሪኛው ይበልጥ ያሳዝነኛል። ሀንጋሪኛን ባበላሽ አከራይዋ ታርመኛለች። እ.ኤ.አ. በ1932 ኤል ሳልቫዶር ውስጥ የገበሬዎች አመፅ ተነሣ፤ ወታደሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ጨፈጨፈ፤ ከሞቱት ብዙዎቹ የአገሬው ተወላጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን በናዋት ማናገር ፈሩ። ዛሬ ቋንቋው አፍ መፍቻቸው የሆኑት ጥቂት አረጋውያን ናቸው፤ ብዙዎቹ በምዕራቡ በኩል በሳንቶ ዶሚንጎ ዴ ጉስማን ያሉ ናቸው። ወጣቶች ዛሬ ከመጽሐፍና ከእነዚያ አረጋውያን አፍ እየተማሩት ነው። ያለቦታዋ የገባች ኦ መጽሐፍ ላይ ከቀረች የሚያርማት ሰው አጠገብ ላይኖር ይችላል።

ባለፈው ቅዳሜ ስለ «ሜንቴም ቮልት» ካወራን በኋላ ሦስቱን ቃላት ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። ኒክቺህኪ። ቫርታላክ። ጠበቅኩህ። እርሳሱን ለአንዲት ልጅ ሰጠኋትና እንድትቆራርጥ ነገርኳት። የመጀመሪያውን ነግሬያት ስለነበር ፈጠነች። ሁለተኛውንም አላቃታትም። ቫር፣ ቲ፣ አላክ። መጠበቅ፣ ያለፈ፣ እኔ-አንተን። ቲዋን አከበበቻት።

ሦስተኛው ላይ ቆመች። ጠበቅ፣ ኩ፣ ህ። መጠበቅ፣ እኔ፣ አንተን። «ያለፈው የታለ?» አለች። እርሳሱ በጠበቅ እና በኩ መካከል ተንጠለጠለ። ቡናው ሁለተኛው ደርሶ ነበር። ከሥሩ «እጠብቅሃለሁ» ብላ ጻፈች። ሁለቱን እያፈራረቀች ድምፅ አውጥታ አነበበች። ጠበቅኩህ። እጠብቅሃለሁ። ከዚያ እርሳሱን በጠ፣ በበ እና በቅ ላይ አንድ በአንድ አሳለፈችው። በየፊደላቱ ውስጥ ያለችውን አናባቢ እየፈለገች ነበር።